የጎርፉ ድርሻ

ቡዋይሴ ከዋንዴገያ ቁልቁል ወርዶ ያለ ረባዳ ሠፈር ነው። ደመና ሲጠቁር የሠፈሩ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን አያይም፤ ጎንበስ ብሎ ቦዩን ያያል። ከሐበሻ አገር የመጡት የኩልሱምና የባሏ የጣሂር ሱቅ ጀርባውን ለዚሁ ቦይ ሰጥቷል። ዝናቡ በመጣ ቁጥር ውሃው መጋዘናቸው ይገባል፤ ስኳሩ ይቀልጣል፣ ለፖሾ ገንፎ የሚሸጡት የበቆሎ ዱቄት ይሻግታል፣ ባልና ሚስትም በባልዲ ሲቀዱ ይውላሉ።

ጣሂር የቆቦ ልጅ ነው። ቆቦ ላይ ጎርፍ ሲወርድ ገበሬው በክትር ይጠልፈውና ማሳው ላይ ይበትነዋል፤ የተጠማው መሬትም ይጠጣዋል። «ጎርፍ አይገታም፣ ይጠለፋል!» አለና ዘንድሮ ከሱቁ ጀርባ በአፈር ጆንያ ክትር ሠርቶ ውሃውን ወደ ጎረቤቱ ግቢ መለሰው። ጎረቤቱ መንታ ስለወለደች ሠፈሩ በክብር ናሎንጎ ይላታል። ግቢዋን ሞልታ የተከለችውን ማቶኬ የሚባል የሚቀቀል ሙዝ በነፃ የሚያጠጣላት መስሎት ነበር።

የቡዋይሴ መሬት ግን ከሥሩም ውሃ ነው። ዝናቡ ሲጥል ጎርፉ ናሎንጎ ግቢ ገብቶ ተኛ። ማቶኬው ተገነደሰ፤ ውሃው መኝታ ቤቷ ዘለቀ።

ጣሂር ይቅርታ ሊላት ሲሄድ ኩልሱም ተከተለችው። ናሎንጎ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በሯ ላይ ቆማለች።

«ጎረቤቴ፣ ዓሣ እንዳረባ ነው?» አለችው በስዋሂሊ።

«አጥፍቻለሁ እህቴ። መሬቱ የሚጠጣ መስሎኝ ነው።»

«ምኑን ይጠጣል? እኔ ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ የደንገል ረግረግ ነበር። ውሃው እዚህ አርፎ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አሁን አልጋው ላይ እኛ ወጣንበት። የት ይተኛ?»

ጣሂር ቦዩን ተከትሎ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ዋለ። ቦዩ ጉሮሮው የሚታነቀው የገዛ መጋዘኑ ጋ ነበር።

«ኩልሱም፣ መጋዘኑን ላፈርሰው ነው» አላት ሲመለስ።

«ኧረ በአላህ! ጡቡን አንድ በአንድ ያቀበልኩህ እኔ አይደለሁም? አገር ሲገነባ አንተ ታፈርሳለህ? እቃውንስ ራሴ ላይ ልሸከመው?»

«ቆቦ ላይ ማሳው የጠጣለት ሰው ክትሩን ለታችኛው ካልከፈተ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። እኔ ክትሩን አመጣሁ እንጂ መክፈቱን ረሳሁት።»

ኩልሱም የደሴ ከተማ ልጅ ናት፤ ስለ ክትር አታውቅም። ባሏን ግን ታውቃለች። አኩርፋ ገባች።

በማግስቱ መዶሻው ሲጮህ ሠፈሩ ተሰበሰበ። «ሐበሻው አበደ!» አለ ከታች ያለው የቦዳ ሞተር ብስክሌት ጋራዥ ባለቤት፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። ጣሂር አብሮት ሳቀና መዶሻውን አነሳ። ኩልሱም ከበሩ ሆና አየችው። ይህ ሰው ሲገነባም እንዲህ አምሮ አልታያትም ነበር። ነጠላዋን አሸርጣ ወጣችና ጡቡን ትቀበለው ጀመር፤ አንድ በአንድ።

የክትሩን ጆንያዎች አንስተው ባዶውን ቦታ ቆፍረው አሰፉት። ናሎንጎ ከረግረጉ የደንገል ሥር አምጥታ ተከለችበት።

ደመናው ዳግመኛ ጠቆረ። ኩልሱም ባልዲዋን ይዛ ጓሮ በር ላይ ቆመች። ጎርፉ እያጓራ መጣ፤ መጋዘኑ የነበረበት ሲደርስ ግን ጎኑን አሰፋ፣ ለጋውን ደንገል አጎነበሰና ጋደም አለ። የበራቸውን ደፍ ላሰና ተመለሰ። የናሎንጎም ደጅ አልተነካም።

ከታች ግን ገና ሰው ይጮሃል። የጋራዡ ባለቤት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ቦዩ ላይ ያስጠጋውን የቆርቆሮ አጥሩን በገዛ እጁ ይነቅላል። ጣሂር መዶሻውን ይዞ ወደዚያው ሮጠ።

ኩልሱም ባልዲዋን ገልብጣ ተቀመጠችበት። «ቀስ በል እንጂ፣ ያንሸራትትሃል!» ብላ ጮኸችበት፤ ዓይኗን ግን ከእሱ ላይ አላነሳችም።