ከሃምሳ በታች

ልጄ በዛብህ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና በሚደረገው ምርመራ ከሃምሳ ኪሎ በታች የመዘነ ይመለሳል ተባለ። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ድሬዳዋን የሚያስተዳድራት ወሬ ነበር። እኔ ግን አመንኩ፤ የበኩር ልጄ ኤርትራ ዘምቶ አጥንቱ እንኳ አልመጣልኝም።

«ሁዳዴ ገብቷል፣ ማንም አይጠረጥርም፤ ጹም» አልኩት። ሌላው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም፣ የኔ ልጅ በቀን አንዴ አንድ እፍኝ ሽምብራ ይቀምስ ነበር። ቄሱ ሳይቀሩ ለሰፈሩ ወጣት ምሳሌ አደረጉት። እኔም አላፈርኩም፤ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የደቻቱን አሸዋማ ወንዝ ተሻግረን፣ ሶማሌዋ ወዳጄ ፋዱሞ ሱቅ ውስጥ የስኳር ጆንያ በምትመዝንበት ሚዛን ላይ አቆመዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ኪሎ ጣለ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ሰውነቱ እንደ ግትር አህያ ቆመ። ሽምብራውን ቀነስኩበት። አፉ መሽተት ጀመረ። በዚያ ወበቅ ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂት ሲራመድ ልቡን ይዞ ይቀመጣል። እኔ የማየው ሚዛኑን ብቻ ነበር።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ይሄ ልጅ በቃው» አለችኝ ፋዱሞ። «ሲበላም ቀስ ይበል፣ ወላሂ። በድርቁ ጊዜ ዘመዶቼ ረሃቡን አልፈው፣ ሲጠግቡ ነው የሞቱት። አጥሚት፣ ትንሽ ትንሽ፣ በቃ።»

«እናንተ ደግሞ! ቀን ጾማችሁ ሌሊት ታካክሳላችሁ፤ ስለ ጾም አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

«ስለ ጾም አልነገርኩሽም። ረሃብ ነው ያልኩሽ።»

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ተመረመረ። አርባ ዘጠኝ ኪሎ። «ለውትድርና ብቁ አይደለም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ሲመጣ እግሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የዚያኑ ዕለት ላበላው እችል ነበር። ለቀረችው አምስት ቀን ብዬ ጾሙን አላስገደፍኩትም።

የፋሲካ ለት ጠዋት ዶሮውንም የበጉን ጥብስም ፊቱ ደረደርኩ። ተልባ እንኳ በጥብጬ ሆዱን አላለሰለስኩለትም። «በቃኝ እማዬ» ሲል «ብላ፣ የከለከልኩህን ልካስህ» እያልኩ አጎረስኩት። እሱም ደስ ይበላት ብሎ ዋጠ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ቀን እግሩ አበጠ፤ ሥጋ ያዘልኝ ብዬ ተመስገን አልኩ። ወዲያው ትንፋሽ አጠረው፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስ ክንዴ ላይ አረፈ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለና ምን እንዳበላሁት ጠየቀኝ።

ፋዱሞ ለቅሶ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ብዬሽ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሁለተኛው ዙር መጣ። አዲስ የተመደበ የቀበሌ ሰው ዝርዝር ይዞ በሬ ላይ ቆመና የበዛብህን ስም ጠራ። ሞቷል ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ያንን «ብቁ አይደለም» የሚለውን ወረቀት ዘረጋሁለት። አንብቦ መለሰልኝ።

«እስከሚቀጥለው ዙር በደንብ መግቢው፣ እናቴ» አለኝና ወደ ጎረቤት አለፈ።