የጥቁሯ ፍሬ ጥላ

ትሕትና የእናቷን ፊት በወጉ ካየች አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የምትኖረው ግን ከእናቷ ጋር ነው፣ ቴፒ ውስጥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር። ቀና ስትል ከአንዱ ፊት ላይ ሌላ ፊት ይፈልቅባታል፤ ዳር ዳሩ ውኃ እንደነካው ቀለም ይፈሳል።

በምትሠራበት ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚዎቹ መሳቂያ አድርገዋታል። ከጥሬው ቡና መካከል የተበላሸችውን ጥቁሯን ፍሬ ላውጣ ብላ ጣቷን ስትሰድ ባዶ ጠረጴዛ ትቆነጥራለች።

«ዛሬም የፍሬዋን ጥላ ለቀምሽ?» ትላታለች አጠገቧ የምትቀመጠው ሔዋን።

«ጥላዋም ጥቁር ናት፤ አንቺን ምን አገባሽ!»

የገለባው ብናኝ ዓይኗን ይበላታል፤ በመዳፏ ታሸዋለች፤ ባሸችው ቁጥር ይብስባታል። በመጨረሻ ሚዛን ተፈሪ ያለው የዓይን ሐኪም ሕዝቅያስ የበሽታውን ስም ነገራት፤ ኬራቶኮነስ።

«የዓይንሽ የፊት ሽፋን ሳስቶ ሾሏል» አላት። «ፀሐይ በጥላ ዛፍ ቅጠል መካከል ስትገባ ቡናው ላይ ስንት ቦታ ትበታተናለች? ዓይንሽ ውስጥም ብርሃኑ እንዲያ ነው፤ አንድ ቦታ አያርፍም። ዓይንሽ ላይ የሚቀመጥ ጠንካራ ሌንስ ብናደርግበት እንባሽ ከሥሩ ሞልቶ ያስተካክለዋል። ማሸት ግን ከዛሬ ጀምሮ በቃ!»

ሌንሶቹ ከአዲስ አበባ መጡ በተባለ ማግስት እናቷ ዓለምሸት አዲሱን ሻሿን አስራ ደጅ ቆማ ተገኘች።

«እማ፣ መንገዱ ያደክምሻል። ሳልሽስ?»

«መጀመሪያ ማንን ልታዪ ነው? ሐኪሙን? አራት ዓመት የጠበቅሁት እኔ!»

ሚኒባሱ ሚዛን እስኪደርስ የትሕትና ልብ ከሞተሩ በላይ ይመታ ነበር። ሌንሶቹ ሲገቡ ዓይኗ ቆጠቆጣት፤ እጇ ሳታስበው ተነሣ።

«እንዳታሺው!» ጮኹ ሐኪሙና እናቷ በአንድ አፍ።

ጨፈነች፤ ገለጠች። ዓለምሸት ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ጥሬ ቡና ጠረጴዛው ላይ በተነች።

«ኧረ እማማ፣ ይሄ እኮ የሕክምና ክፍል ነው!»

«አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፣ ዶክተር። እኔ በፊደል ገበታ አላምንም። በይ፣ ጥቁሯን አውጪ!»

ትሕትና እጇን ሰደደች። ጥቁሯ ፍሬ ጣቶቿ መካከል ገባች።

«አንድ ናት! እማ፣ አንድ ናት!»

ዓለምሸት እልል አለች። ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶችም ምክንያቱን ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሏት።

ያን ጊዜ ትሕትና ቀና አለች። አንድ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አንድ በአንድ። የጎደጎደው ጉንጭም፣ ከአንገት ሥር ያገጠጠው አጥንትም። ዓለምሸት ሻሿን ወደ ጉንጯ ሳበችው፤ ግን ረፍዶ ነበር።

«መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«ሳታዪኝ» አለች እናቷ እየሳቀች። «ደህና ነኝ ስልሽ ታምኚኝ ነበራ።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጣሽ?»

«አንድ ሆኜ ሳታዪኝ ልሂድ? ነይ፣ ደህና አድርገሽ እዪኝ።»

አየቻት። ወደ ቴፒ ሲመለሱ ደኑ ሁሉ ቅጠል በቅጠል ተለይቶ በመስኮቱ ያልፍ ነበር፤ ትሕትና ግን ፊቷን ወደ ውጭ አላዞረችም።

ዓለምሸት ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖረች። በለቅሶው ድንኳን የትሕትና እንባ እንደ ፈለገ ወረደ፤ ዓይኗን ግን አላሸችም።