ቀዩን እኔ አይልሃለሁ

እኔ በቀይ ቀልድ አላውቅም። መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹም በዚሁ ምክንያት ጠምደውኛል። የምንሠራው የልብ ሕመምተኞች ስልካቸው ላይ የሚጭኑት አፕ ነው። ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ክብደቱን፣ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን ያስገባል፣ አፑ ደግሞ ደህና መሆን አለመሆኑን በቀለም ይነግረዋል። ቀለሙን የምመርጠው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የእግር ጉዞውን ገጽ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ያልተራመደ ሰው ገጹ ይቅላበት ብሎ መጣ። ደሜ ፈላ። ቀይ በየትኛውም ገጽ ላይ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂድ ነው፣ ለስንፍና ሌላ ቀለም ፈልግ አልኩት። አለቃችን ሳቀ። ምን ያስቃል? በሆነ ባልሆነው የሚቀላን ነገር ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይለምደዋል፣ ከለመደው ደግሞ እያየ አያየውም። ይህን በስብሰባ ላይ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ልቧ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ልብ ሲደክም ሰውነት ውሃ ይይዛል፤ እግር ያብጣል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥራል። ሚዛኑ ግን ከእብጠቱም ቀድሞ ያውቃል። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረች ገጹ ይቀላል፣ ያኔ መድኃኒቷ መስተካከል አለበት። ነገሩ ይኸው ነበር፣ ቀላል። እናቴ ግን ቀይ ካየች አበቃላት። ያን ቀን ምግብ የለ፣ ከአልጋ መነሣት የለ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ የትኛው ነጠላ ጫማዋ ለየትኛዋ ጎረቤት እንደሚሰጥ ትናዘዛለች።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም። አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣና በሩን ዘጋ። ቀዩን ከስልኳ ላይ አጥፊላት አለኝ። አይሆንም አልኩት። በሳምንቱ ደገመኝ፣ አሁንም አይሆንም አልኩት፣ እንዲያውም ተቆጣሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ እንባው ቀደመው። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አንጀቴን በላው። እዚያው ቆሜ የእሷን ስልክ ብቻ ለይቼ አስተካከልኩት፤ የፈለገችውን ብታስገባ አረንጓዴ ይላታል፣ እውነተኛው ቀለም ወደ እኔ ስልክ ይመጣል።

“ቀዩን እኔ አይልሃለሁ፣ አባባ” አልኩት። “አንተ ብቻ ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ ላይ አውጣት።”

ከዚያ በኋላ እናቴን ብታዩዋት! መብላት ጀመረች፣ ወገቧን አስራ ቤት መጥረግ ጀመረች። የመጣ ሰው ሁሉ አረንጓዴዋን ሳያይ አይወጣም፤ ልጄ የሠራችው ነው እያለች ስልኩን አፍንጫው ሥር ትደቅንበታለች። አባቴም አብሯት ወዛ። እኔ ስልክ ላይ ሲቀላ በዚያው ደቂቃ ለሐኪሟ እደውላለሁ፤ መድኃኒቷን እንደ ዋዛ፣ የተለመደ ለውጥ ነው እያልን እንቀይራለን። ለወራት እንዲህ ሄደ። አንዳንዱ ቀይ ደግሞ ሐኪሙ ጋ ሳልደውል፣ በማግስቱ ራሱ ይመለሳል። ሁለት ሦስቴ ተመለሰ። እኔም ለመድኩት። አዎ፣ እኔ፣ ሌላው እንዳይለምደው አገር የማስጨንቀው ሴትዮ ለመድኩት።

በዚያ ሳምንት አዲሱን አፕ የምናወጣበት ጊዜ ነበርና ቀና ብዬ አላየሁም። ሰኞ ቀላ፤ አየሁት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ማክሰኞም እንደቀላ ነው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ነበርኩ፤ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ፣ ቀይ ያለ አግባብ ይርከስ ከሚሉት ጋር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራከርኩ። አሸነፍኳቸውም። ሐሙስ ጠዋት፣ ለአራተኛ ቀን እንደቀላ፣ አባቴ ደወለ። ትንፋሽ አጠራት አለኝ። አምቡላንሱ ሲደርስ አልቆላት ነበር።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ሳሳ ሲል ሳሎን ውስጥ ሦስት ቀረን፤ አባቴ፣ አክስቴና እኔ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ልቧም እንደ እህቷ ነው፣ አፑንም ትጠቀማለች። አባቴ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እኔ ነኝ የገደልኳት አለ። ቀዩን አስጠፍቼ ገደልኳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ያንቺ ስልክ ላይስ ቀልቶ ነበር?”

ፊቱን አየሁት። እውነቱን ብነግረው ምን ይቀርለታል? ደግሞም ፈራሁ፣ እሱን ምን ያስዋሻል።

“አልቀላም፣ አባባ” አልኩት።

ትከሻው ሲወርድ አየሁ። እንግዲያው ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፣ የፈጣሪ ነገር ነው አለ፤ ከፊቱ ከተቀመጠው ሻይም ለመጀመሪያ ጊዜ ፉት አለ። ጥሩ አደረግኩ ብዬ አሰብኩ። እናቴን አረንጓዴ ቀባኋት፣ አሁን ደግሞ አባቴን።

አክስቴ ግን ስትሰማ ቆይታ ኖሯል። ቦርሳዋን ከፈተችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። እሷ ስትሞት ያልቀላ ለእኔ ቢቀላ ምን ዋጋ አለው፣ በይ ቀዩን አጥፊልኝ፣ ዝም ብሎ ሲያስደነግጠኝ ከሚኖር አለች። አባቴም ባዶ ነገር ነው፣ አጥፊላት አለ።

ስልኩን ተቀበልኩ። ክብደቷን የዛን ዕለት ጠዋት አስገብታለች። ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምራለች፣ ገጹ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ቀና ብዬ እግሯን አየሁት። ጫማዋን አውልቃ ወንበር ሥር አስቀምጣዋለች፤ ቁርጭምጭሚቷ የለም፣ ከባቷ ጋር አንድ ሆኗል። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ስለዋልኩ ነው አለችኝ፣ ዓይኔን ተከትላ።

ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር። አንድ መንካት ብቻ ነው፤ እነካዋለሁ፣ አባቴም ሻዩን ይጨርሳል።

“አላጠፋም” አልኩ። “አባባ፣ ቀልቶ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ቀልቶ ነበር። አይቼዋለሁ።”

እንዲጮህብኝ፣ እንዲመታኝ ጠበቅኩ። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ተነሣ፣ ጎንበስ ብሎ የአክስቴን ጫማ ከወንበሩ ሥር አወጣና እግሯ ፊት አስቀመጠላት። ጫማው አልገባ አለ። በባዶ እግሯ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ወሰዳት፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አላት። እኔም ቦርሳዬን ይዤ ተነሣሁ።

“አንቺ ቁጭ በይ” አለኝ፣ ሳያየኝ።

አክስቴ አምስት ቀን ተኝታ ወጣች፤ አሁን ደህና ናት። አባቴ ጠዋት ጠዋት ይደውልላትና ዛሬ ምን ቀለም ነው ይላታል፤ ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። እኔን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።