የዳገቱ ቅጠል

ጎመን ነው የሚመስለው፣ ጎረቤቱ አሊ እንዳለው፣ ባድሩ፣ ላምህ ፊኛዋ ውስጥ ጎመን ተክላ ኖሯል ሲል ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ባድሩ አይስቅም፣ እንደ ወትሮውም አይናገርም፣ ከሐይቅ ከተማ የመጣው የከብት ሐኪም ማዕረግ ባድሩ አሁን በእጁ ያረዳትን ላም ፊኛ ሰንጥቆ መዳፉ ላይ ዘርግቶታል፣ ውስጡ ቀይ፣ እብጥብጥ ያለ፣ ባድሩ ዓይኑን ከዚያ ላይ ማንሳት ይፈልጋል፣ ቢያነሳ ደግሞ ሒክማ አለች። ሴት ልጁ። የውሃ ጀሪካን ይዛ ቆማለች።

ዕጢ ነው ጋሽ ባድሩ፣ ይላል ማዕረግ፣ ደም ስትሸና የከረመችው በዚህ ነው። በዱላ ተመትታ አይደለም? ይላል አሊ። ምን ዱላ አመጣው፣ የበላችው ነገር ነው፣ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ቅጠል፣ ዳገት ላይ ጥላ ጥላውን የሚበቅለው፣ የአንድ ቀን ነገር አይደለም፣ ዓመታት ስትበላው ነው።

ዓመታት። አምስት በጋ፣ የታችኛውን ግጦሽ አጥሮ ባሕር ዛፍ የተከለበት እሱ፣ ላሟን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ወዳለው ዳገት ያስወጣ እሱ፣ ሒክማ አባ፣ እዚያ እኮ ሳር የለም ስትለው አረንጓዴ ከሆነ ሳር ነው ያላት እሱ፣ ያንን ቅጠል በገዛ ማጭዱ አጭዶ በረት ድረስ የተሸከመላት እሱ። ሽንቷ የቀላ ዕለት ግን ያየው የልጅቷን ዱላ ነበር፣ ጎኗን መትተሻት ነው፣ አልመታኋትም አባ፣ ዝም በይ፣ ወላሂ ከእንግዲህ የዚችን ላም ወተት አትቀምሽም። ረመዳንን ሙሉ። ታናናሾቿ በወተት ሲያፈጥሩ እሷ በውሃ፣ አንድ ቀን አላጉረመረመችም፣ ብታጉረመርም ይሻለው ነበር።

ወተቷንም ባትጠጡት ጥሩ ነበር፣ ይላል ማዕረግ፣ መርዙ በወተት ያልፋል ይባላል፣ እና የባድሩ ልብ ቀለል ይላል፣ እንግዲያ መሐላዬ ጠቀማት፣ አላህ በእኔ አፍ ጠበቃት፣ ወዲያው ያፍራል። የት ልትደበቅ ነው ባድሩ። ልታዋርዳት ማልህ እንጂ ልትጠብቃት መች ማልህ፣ የቀሩትስ፣ በገዛ እጅህ እየቀዳህ ያጠጣሃቸው።

ዳገቱ ላይ የሚያሰማራት ማነው? ማዕረግ ወረቀት አውጥቷል፣ ሰው ሁሉ ወደ ሒክማ ይዞራል፣ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች፣ ዝም፣ ዝምታዋ የሱ ነው፣ ከሱ የወረሰችው፣ አባቴ ነው ልትል ትችላለች፣ አትልም፣ አሁን እሱም ዝም ቢል ያልፋል፣ ልጅ ናት ምን ታድርግ ይላሉ፣ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሰው ይበተናል፣ ያልፋል፣ እኔ ነኝ፣ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ የራሱ ነው፣ ሳር የለም ብላኝ ነበር፣ ያስወጣኋት እኔ፣ ያጨድኩላትም እኔ፣ ልጅቷ አልመታቻትም። አሊ መሳቁን ትቷል። ከዚያ ወደ እሷ፣ ቀስ ብሎ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ሰው ፊት። ለሚስቱ እንኳን ብሎት የማያውቀውን።

ሒክማ ጀሪካኑን ታዘነብላለች። እጅዎን ይታጠቡ አባ።

አፉ ብያለሁ አላለችም፣ ውሃው ይወርዳል፣ ባድሩ ይጠብቃል፣ አላለችም፣ እውነቷን ነው፣ እሱም ቢሆን እንዲህ ቶሎ አይልም ነበር፣ እጁን ያሻል፣ ደሙ ለቋል፣ አሁንም ያሻል፣ ትበል አትበል የሷ ነው፣ ውሃውን ግን እስካሁን አላቋረጠችም