የሰማው ምስክር

"ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እንዳትስቺው እታለም። ሁለት ሺህ አራት ነው።"

ባንቺዓለም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተች። ሚኒባሱ ጉንደ ወይንን አልፎ ወደ ቢቸና እያዘገመ ነው።

"ሰምቼሃለሁ ሰማው፤ ሦስቴ ነገርከኝ።"

"አባታችን በሕይወት እያለ፣ በእሱ ብር ተሠራ፤ ጋብቻው በሁለት ሺህ ስድስት። ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ።"

ሞጣ ላይ የምትተዳደርበትን የስፌት መኪና ሸፍና፣ ለሰኞ ያልደረሱ የተማሪ ልብሶች ጥላ ነው የመጣችው። ታናሽ ወንድሟ ሰማውና ሚስቱ ስርጉት ፍቺያቸው ጸድቆ፣ የቀራቸው የንብረት ክፍፍል ነበር። ክርክሩ የተንጠለጠለው በባለ ሦስት ክፍሉ ቤት ላይ ነው። ቤቱ ከጋብቻ በፊት ተሠርቶ ከሆነ የሰማው የግሉ ይሆናል፤ ስርጉት ሁለት ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ትወጣለች። በኋላ ከሆነ ግን የሁለቱም ነው። ሁለት የአጎቱ ልጆች "በፊት ነው" ብለው መስክረውለታል። የቀረችው እሷ ናት።

ትናንት ከሰማው ጋር የሚኖሩት እናቷ ደውለው ነበር። "ባል ቢሄድ ባል ይተካል፤ ወንድም ግን እኔ ካረጀሁ ከየት ይመጣል? ቤቱ ከተሸጠስ እኔ በስተርጅና የት ልግባ?" አሏት። እሷም "እሺ" ብላቸዋለች።

መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ሰማው ከጠበቃው ከአቶ ፋንታ ጋር ይጠብቃት ነበር። ጠበቃው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

"ወይዘሮ ባንቺዓለም፣ የእርስዎ ቃል ከሁለቱም ምስክሮች ይበልጥብናል።"

"ለምን?"

"ወንዶቹን 'ለወንድ አደሉ' ማለት ይቻላል። ሴት በሴት ላይ ስትመሰክር ግን፣ 'እውነት ባይሆን ኖሮ መች ትጨክንባት ነበር' ያሰኛል። በዚያ ላይ ዳኛዋም ሴት ናት።"

ሰማው ራሱን ነቀነቀ። ባንቺዓለም ስኳሩን ማማሰል አቆመች። ለካ የተፈለገችው እህት ስለሆነች አልነበረም! አባታቸው ሲሞቱ፣ "ሴት ልጅ ባሏ ያርስላታል" ተብሎ መሬቱ ለሰማው ሲሰጥ እሷም ደስ ብሏት ፈርማለች። ያኔ አልቆረቆራትም። ሴትነቷ ለአንድ ነገር ሲፈለግ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ እሱም ሌላይቱን ሴት ከቤቷ ለማስወጣት። ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ስርጉት የፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ወረቀቶቿን በፌስታል አቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጠበቃ የላትም። ባንቺዓለምን ስታይ ብድግ ብላ ጉንጭ ለጉንጭ ሳመቻት።

"እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ?"

"ደኅና ነኝ። ልጆቹስ?"

"ትምህርት ቤት ናቸው።"

ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ለባንቺዓለም ብትወቅሳት ይቀላት ነበር።

ችሎት ገብታ ማለች። አቶ ፋንታ ኮቱን አስተካክሎ ጠየቃት።

"ይህ ቤት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ ለፍርድ ቤቱ ያስረዱልን።"

ሰማው ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ባንቺዓለም መናገር ስትጀምር ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

"በሁለት ሺህ ስምንት፣ በዐቢይ ጾም።"

ጠበቃው አንገቱን ቀና አደረገ። "ምናልባት ያኔ የታደሰ እንደሆነ…"

"እድሳት አይደለም። ምሰሶው ሲቆም እዚያው ነበርኩ። ስርጉት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ጭቃውን ትረግጥ ነበር፤ ተይ ብላት እምቢ አለችኝ። ውኃውንም ከወንዝ ያመላለሰች እሷ ናት። ቆርቆሮው አባቷ የሰጧት ጊደር ተሸጦ ነው የተገዛ። ያኔ በሆዷ የነበረችው ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።"

"እታለም!" አለ ሰማው።

ዳኛዋ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘችው። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞር ብላ ቃሉን ታስጽፍ ጀመር። "…ቤቱ በ2008 ዓ.ም. የተሠራ መሆኑን፣ ከሳሽ ወይዘሮ ስርጉት ባለቤታቸውን በማገዝ ጭቃ ይረግጡና ውኃ ያመላልሱ እንደነበር፣ ቆርቆሮውም በከሳሽ ጊደር ሽያጭ የተገዛ መሆኑን ምስክሯ አስረድተዋል።" ቀና አለች። "ጨርሰዋል፤ መሄድ ይችላሉ።"

ባንቺዓለም ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ሰማው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ከዚህ በኋላ በዓል ሲመጣ እናቷን ለማየት የማንን በር እንደምታንኳኳ አታውቅም። ወንድም ለማጣት የተናገረችው ይበቃ ነበር። ቢሆንም ዞር አለች።

"ክብርት ዳኛ፣ አንዲት ቃል ትስተካከልልኝ።"

"የትኛዋ?"

"'በማገዝ' የምትለዋ። ያን ጊዜ ሰማው አምበር ከተማ እህል ሲሸምት ነበር፤ ብቅ የሚል ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ማንን ነው ያገዘች? ሠርታለች ይባል።"

ጸሐፊዋ እጆቿን ከኮምፒውተሩ አንሥታ ዳኛዋን ተመለከተች። ዳኛዋ በእጇ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተች።

"አስተካክዪው።"

ባንቺዓለም ግን አልወጣችም። የተስተካከለው ቃል እስኪነበብላት ድረስ ነጠላዋን ሰብስባ እዚያው ቆመች።