ንጹሕ ታኮ

ታኮ እንግዲህ ምን አላት? ከጎማ ሥር የምትሸጎጥ የላስቲክ ጉማጅ ናት። አውሮፕላኑ ሲቆም ታስገባታለህ፣ ሊሄድ ሲል ትመዝዛታለህ፣ አለቀ። የበረዶው ወራት ገብቶ አስፋልቱ መስተዋት ሲመስል ግን ያቺ ጉማጅ ከመሬት ጋር ተጣብቃ አልነቀልም ትላለች። በሰሜን ማኒቶባ፣ በዚያች ትንሽ አየር ማረፊያ፣ ላይል ፔንሮስ በእሷ ስንቴ ተሳድቧል!

ደንቡ ቀላል ነው። የቀኙ ሞተር ከተነሳ በኋላ ላይል የግራውን ታኮ ነቅሎ፣ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት ለቆመው ለአምብሮስ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ከዚያም ከክንፉ ጫፍ ወዲያ ፈቀቅ ይላል። አምብሮስ አውራ ጣቱን ለአብራሪው ሲያነሳ የግራው ፕሮፔለር ይዞራል። አምብሮስ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ከአንዱ፣ ከክሪ ወገን ነው፣ ዕድሜው የገፋ። ታኮዋን በዓይኑ ሳያይ አብራሪ ቢጮህ፣ አለቃ ቢቆጣ፣ ወይ ፍንክች!

ላይል ደግሞ ችኩል ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ አንተን ስንጠብቅ በረዶው ሊቀልጥ ነው!»

«ይቅለጥ። ማን ጠላ?» ይላል አምብሮስ።

ያን ቀን ከሰዓት የላይል ልብ እዚያ አልነበረም። ልጁ ማርሊ ለመጀመሪያ ጊዜ በበረዶ ሆኪ ግጥሚያ ጎል ልትጠብቅ ነው። «አባዬ፣ ብትቀር ወዮልህ!» ብላዋለች። ታኮዋ ግን ድርቅ አለች። በመዶሻ ደጋግሞ መታት፣ ንቅንቅ የለም። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ብልሃት አላቸው፣ ብልሃት ከተባለ። ከጋሪው ላይ ትርፍ ታኮ አንስተው ያሳዩና፣ አብራሪው እስኪዘገጃጅ የተጣበቀችውን ነቅለው ይሮጣሉ። ላይልም እንደዚያው አደረገ። ትርፏን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ወረወራትና፣ ቁጭ ብሎ የተጣበቀችውን በእግሩ ይገፋት ጀመር።

ያን ጊዜ ነው አውሮፕላኑ የተንሸራተተው። የቀኙ ሞተር ጎተተውና በዚያ ልሙጥ በረዶ ላይ ትንሽ ዞር አለ፤ ትንሽ፣ ከስንዝር አይበልጥም። ጎማው መጥቶ የላይልን ጫማ ከታኮዋ ጋር ቀረቀረው። ጫማው ብረት ስላለው እግሩ አልተፈጨም። ግን አልወጣም።

ቀና ሲል የቆመው የፕሮፔለር ምላጭ ከራሱ በላይ ነው። ቢዞር ከወገቡ በላይ ያገኘዋል። በጀርባው ተንጋለለ፤ ተኝቶም ቢሆን ምላጩ አይስተውም።

«አምብሮስ! ቁም! አምብሮስ!»

የቀኙ ሞተር ጩኸቱን ዋጠው። ነፋሱ ዱቄት በረዶውን ከመሬት እያፈሰ እስከ ወገብ ይነዳዋል፤ እዚያ ውስጥ የተኛን ሰው ማን ያየዋል? የራዲዮውን ቁልፍ ተጫነ፤ ባትሪው በብርዱ ሞቷል። አንድ ጓንቱን አውልቆ ወደ ላይ ወረወረ፤ ነፋሱ ወደ ኋላ ይዞት ሄደ። የጫማውን ማሰሪያ ያዘ። በረዶ ሆኗል፣ ሽቦ ነው። ሌላውንም ጓንት አውልቆ በጥፍሩ ቧጠጠው። ደም ወጣ። ቋጠሮው ግን አልፈታም አለ።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ማወቁ ነበር። አምብሮስ ታኮ አይቷል። ራሱ አሳይቶታል። የዚያ ሽማግሌ ጥንቃቄ በሙሉ አሁን ምንም አይረዳውም፣ ምክንያቱም ላይል አስቀድሞ ዋሽቶታል። በገዛ እጄ፣ አለ በልቡ፣ በገዛ እጄ! ማርሊ የበረኛ ጭንብሏን ለብሳ ወደ ተመልካቹ ወንበር ስታማትር ታየችው፤ እዚያው ተኝቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እንባውም ጉንጩ ላይ ረጋ።

ምላጩን ብቻ ያይ ጀመር። ከላዩ ንቅንቅ ያለ መሰለው። ዓይኑን ጨፈነ።

ድንገት የቀኙ ሞተር ድምፁ ወረደ፤ ወርዶ ወርዶ ጠፋ። በበረዶው ላይ የሚንሸራተት፣ የሚወድቅ፣ እንደገና የሚነሳ ሰው ኮቴ ተሰማ። የአምብሮስ ፊት ከበረዶው ጭጋግ ውስጥ ወጣ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ቢላዋውን አውጥቶ ማሰሪያውን ቆረጠና ላይልን በብብቱ ይዞ ጎተተው። ጫማዋ እዚያው ቀረች።

«እንዴት አወቅህ?» አለ ላይል፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ሆዷ ንጹሕ ነበር።»

«ምኗ?»

«የታኮዋ ሆድ። በዚህ ብርድ ከመሬት የተነቀለች ታኮ በረዶዋን ይዛ ነው የምትወጣው። አንተ ያሳየኸኝ ንጹሕ ነበረች።»

«እግዜር ይስጥህ፣ አምብሮስ...»

«ዝም በል!» ሽማግሌው የገዛ ቀኝ እጁን እያየ ነበር። «አውራ ጣቴን አንስቼ ነበር እኮ። ገና ሳነሳ ነው ትዝ ያለኝ፤ ወዲያው አውርጄ ሞተሩን አጥፋ ብዬ ምልክት ሰጠሁ። አብራሪው ወደ መሣሪያዎቹ አቀርቅሮ ነው እንጂ አይቶት ቢሆን...» ጨረሰው ብለህ? አልጨረሰውም። «አምኜህ ነበር፣ ላይል።»



ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ገባና ማርሊን አያት። ከሳምንት በኋላም ሥራውን ቀጠለ። ዛሬም የግራውን ታኮ የሚነቅለው እሱ ነው፣ ከፊት የሚቆመውም አምብሮስ ነው። ያ ሁሉ ሹፈት ግን ቀርቷል። ላይል ታኮዋን ከፍ ሲያደርግ፣ ሽማግሌው ወዲያው አውራ ጣቱን አያነሳም። መዳፉን በአየር ላይ ይገለብጣል፦ ገልብጣት፣ ሆዷን አሳየኝ።

ላይል ይገለብጣታል። በረዶ በሌለበት በበጋውም ቢሆን ይገለብጣታል።