የድንቡሼ ጾም

ኢተፋ በዕድሜው ጎል ጠብቆ አያውቅም። ልጅ ሆኖ መቂ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ እንኳ ለበረኛነት የሚመርጠው አልነበረም፤ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል ይሉት ነበር። በዚህ ክረምት ግን የሞተ ጓደኛውን ጎል ሲጠብቅ ከረመ።

ጓደኛው መሳይ ይባላል። ሁለቱ መቂ ውስጥ የሽንኩርትና የቲማቲም ደላሎች ነበሩ፤ ከገበሬው ጋር ይነጋገራሉ፣ መኪና ይፈልጋሉ፣ ያስጭናሉ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል መሳይ ሽንኩርት በጫነ መኪና ጋቢና ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ። መሳይ አልተረፈም። ቀድሞ የደረሰው ኢተፋ ነበርና የጓደኛውን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ የያዘውም እሱ ነው።

አስከሬኑን ይዘው ወደ አቦምሳ ሲሄዱ፣ እናቱ ወደሚኖሩበትና አባቱ ወደተቀበሩበት አገር፣ ያ ስልክ በኢተፋ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ሰው መስሎት አወጣው። መስታወቱ ላይ አንድ ክብ፣ ሆዳም፣ ቡናማ ፍጥረት ቆሞ ይለምናል፦ «ድንቡሼ ርቦታል።»

ይህ ድንቡሼ በእውን የለም። ዙምቢላ የሚባል ጨዋታ ውስጥ የሚያድግ እንስሳ ነው። መሳይና እህቱ ፍሬሕይወት ልጆች ሆነው፣ ያኔ መላው ቤተሰብ አዳማ ሲኖር፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፈው የጀመሩት ነገር ነው። እሱ በረኛውን ድንቡሼን አሳደገ፣ እሷ ደግሞ ሽቦ የምትለውን ቀጭን እግረ ረጅም አጥቂ። ሰው ያድጋል፣ ይሠራል፣ ያገባል፤ እነሱ ግን ይህን ነገር ሊተዉት አልቻሉም። ኢተፋ መኪና ሲጠብቁ መሳይ ስልኩ ላይ ተደፍቶ እንስሳ ሲያጥብ እያየ «አንተ ሰውዬ፣ እውነተኛ ፍየል ብትገዛ አይሻልም?» ይለው ነበር። መሳይም ይስቃል፣ እጥበቱንም አያቋርጥም።

በየዓመቱ ክረምት ላይ ዙምቢላ ውስጥ የዋንጫ ውድድር አለ። የዓለም ሰው እንስሳውን ይዞ በየምናባዊ አገሩ ይሰለፋል፤ የበረዶ ምድር አለ፣ የነፋስ ምድር አለ፣ ሐብሐብ የምታክል ኳስ ይራገጣሉ። ሁለቱ ልጆች ያኔ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ የጭቃ ምድርን መረጡ። የጭቃ ምድር ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ከመጨረሻው ረድፍ ወጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ጭንቁ ያለው ፍሬሕይወት ላይ ነው። አዳማ ውስጥ ከባሏ ከይትባረክ ጋር ትኖራለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ይህኛው ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትወርድ፣ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይነካት አጥብቃ አዝዛለች። ቀብሩ እንዳበቃ አጎቷ ጋሼ አብተው ዘመዱን ሰብስበው ተናገሩ።

«መርዶዋ እስክትወልድ ይቆያል። አንዱን ቀብረን ሌላ ሁለት አንቀብርም። ከዚህ የወጣ ወሬ ቢኖር ከእኔ ጋር ነው።»

ማንም አልተቃወመም። እኛ አገር ሞት እንደ ሌላው ወሬ በመንገድ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚደግፍ ትከሻ ቀርቦ ነው የሚረዳው። እናትዮዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ እንኳ፣ ልጃቸውን አፈር አልብሰው የተመለሱት ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ለፍሬሕይወት የሚነገረው ተመከረ፦ መሳይ ለሥራ ወደ ሞያሌ ወርዷል፣ ስልኩም ተሰርቋል። ጋሼ አብተው ነገሩ ያለቀ መሰላቸው።

ኢተፋ ግን ጨዋታውን ያውቃል። ድንቡሼ የሚመግበው አጥቶ ከተኛ ፍሬሕይወት በማግስቱ ትጠይቃለች። ስለዚህ የሽማግሌውን ውሸት ጫፍ ይዞ ቀጠለበት። ደውሎ «ከሰው ስልክ ላይ እየገባ ይጫወታል፣ እንስሳውን አልተውም ብሏል» አላት። የመሳይን ስልክ የመክፈቻ ቁጥር ያውቀዋል፤ አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው። በመሳይ ስም አንድ ቃል ላይጽፍላት ግን ለራሱ ማለ። የሞተ ሰው ሆኖ ማውራት ኃጢአት መሰለው። እንስሳ መመገብ ግን ምን ኃጢአት አለው?

መጀመሪያ ሊጠይቃት አዳማ የሄደው ውድድሩ ሊጀመር ሲል ነው። ቲማቲምና ፓፓያ ይዞ ገባ። ፍሬሕይወት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አከም ጅርታ ኢተፋ?»

«ፈያዳ። አንቺስ ፍሬ?»

«እንደ ጆንያ ተቀምጫለሁ። ያ ወንድሜ ሞያሌ ምን ወስዶት ነው? እስቲ አሁን ሽንኩርት እዚያ ምን ይሠራል?» ብላ ሳቀች። «ይሁን እስቲ፤ ድንቡሼን አልረሳውም። ጠዋት ሳየው ታጥቦ ነበር። ልቤ እርፍ አለ።»

ኢተፋ ያን ቀን መናኸሪያ እስኪደርስ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ አንድ ነገር ወሰነ፦ ይህች ሴት በዚህ ክረምት ሌላ የምትደሰትበት ነገር የላትም፤ የጭቃ ምድርን እስከ ዋንጫው ቢያደርስላትስ?

ነሐሴ ገባ፣ ውድድሩ ተጀመረ። ኢተፋ የድንቡሼን ጎተራ ሲከፍት ግራ ገባው። ጎተራው ሥጋም ዕንቁላልም ሞልቶበታል፤ ጎመኑ ግን ተሟጥጦ ጥቂት ብቻ ቀርቷል። በዚያ ጨዋታ ሥጋ የበላ እንስሳ ይፈጥናል፣ ከፍ ብሎ ይዘላል። ጎመን የበላ ሆዱን ይዞ ይንፏቀቃል። «አይ መሳይ፣ ይህ ሁሉ ሥጋ እያለህ!» አለና ለእንስሳው ሥጋ አቀረበለት። በማግስቱም ሥጋ። በሦስተኛው ቀን ለለውጥ ያህል ዕንቁላል።

ድንቡሼ ሌላ ፍጥረት ሆነ። የነፋስ ምድር አጥቂዎች ከየአቅጣጫው ሲለጉ እሱ እየተወረወረ ይይዛል። ኢተፋ ሽንኩርት እያስጫነ፣ አንድ ጆሮውን ለገበሬው ሰጥቶ፣ አውራ ጣቱ እስኪደነዝዝ ይለማመዳል። የመቂ ደላሎች ጓደኛው ስለሞተበት አእምሮው ተነካ ብለው አዘኑለት። የጭቃ ምድር ግን አሸነፈ። ደግሞ አሸነፈ። ከተመሠረተ ጀምሮ ሲረገጥ የኖረው ቡድን ለፍጻሜ ደረሰ።

አዳማ ሲሄድ ግን የጠበቀውን ደስታ አላገኘም። ፍሬሕይወት መሳቅ ትታለች። የቀረበላትን ዕንቁላል በሐኪም ትእዛዝና በንስሐ አባቷ ፈቃድ ትበላለች፣ አመሰግናለሁ ትላለች፣ ግድግዳውን ታያለች። ስለ ሞያሌ መጠየቅ ተወች። ኢተፋም የእርግዝናው ድካም ነው አለ። ሰው ማመን የሚፈልገውን ለማመን ሰበብ አያጣም።

የፍጻሜው ጨዋታ የፍልሰታ ጾም መጨረሻ ቀን ላይ ከሰዓት በኋላ ዋለ። ይትባረክ ሥራ ሄዷል። ኢተፋ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ፍሬሕይወት ስልኳን እስክትከፍት ጠበቀና ብድግ አለ።

«አንዴ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«ተቀመጥ። እዚሁ አጫውተው።»

«ምኑን?»

«ድንቡሼን። ስልኩ ኪስህ ውስጥ ነው።»

ኢተፋ መቀመጥም መቆምም አቃተው። እሷ አልጮኸችም። ስልኳን ወደ እሱ አዞረችው። የድንቡሼ ገጽ ነው፤ ማንም የቡድን ጓደኛ ከፍቶ እንስሳው ምን ሲበላ እንደሰነበተ ማየት ይችላል።

«ሥጋ፣ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ሥጋ» አለች። «ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ።»

«ጉልበት እንዲሆነው ብዬ ነው...»

«ድንቡሼ ፍልሰታን ሥጋ በልቶ አያውቅም ኢተፋ። ልጆች ሆነን እማዬ ጾም አስይዛን ኢንተርኔት ቤት መጣችና አየችን። ‹እናንተ እየጾማችሁ ከብታችሁ ሥጋ ይቆርጣል?› ብላ ሳቀችብን። እንደ ቀልድ ጀመርነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሻርነውም። ረቡዕና ዓርብም እንደዚያው። እኔ ዘንድሮ በሐኪም እየበላሁ ሽቦ እየጾመልኝ ነው። የጭቃ ምድር ዘላለሙን የሚሸነፈው ለምን ይመስልሃል? ውድድሩ ሁልጊዜ ጾም ላይ ነው የሚውለው።»

ኢተፋ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ቤታቸው የፍልሰታ ጾም የለም። ግን ከመሳይ ጋር ስንት ዓመት አብሮ በልቷል። እሱ ጥብስ ሲያዝ መሳይ በያይነቱ ሲያዝ ስንቴ አይቷል። ይህ ትዝ ሳይለው መቅረቱ አሳፈረው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እሱ ላይ ደረሰ።

«መጀመሪያ ቀን ተሳስቶ ነው አልኩ» አለች ፍሬሕይወት። «በማግስቱ ስልኩን የሰረቀው ሌባ ነው አልኩ። ሌባ ግን የሰው እንስሳ አያጥብም። አንተ ደግሞ በየቀኑ ታጥበዋለህ። ከዚያ እማዬ ደወለች፣ ድምፅዋ ሻክሯል። ጉንፋን ነው አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉንፋን። እንዴት ሆኖ ነው?»

«መኪና ተገልብጦ» አለ ኢተፋ።

«የት አሳረፋችሁት?»

«አቦምሳ። ከአባታችሁ ጎን።»

ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯን ነከሰች። ኢተፋ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፣ ደግሞ ፈራና መለሰው።

«አሁን ካለቀስኩ ይሄኛውም ይሄዳል። ስወልድ አለቅሳለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።» ዓይኗን ገለጠች። «ማወቄን ለማንም እንዳትናገር። ለይትባረክም። እማዬ ልጇን ቀብራ ለእኔ በስልክ ስትስቅ ከርማለች። አውቅ ነበር ካልኳት ያ ሁሉ መከራዋ ከንቱ ይሆንባታል። የመርዶዬ ዕለት እቅፍ አድርጋኝ ታልቅስ። እሷም ያላለቀሰችው አለባት።»

«እሺ ፍሬ።»

«አሁን ጎመን አብላው።»

«ዋንጫው እኮ...»

«ጎመን አብላው ኢተፋ። ወንድሜ ጾም ገድፎ ዋንጫ አይበላም።»

ኢተፋ የመሳይን ስልክ አወጣ። ጎተራ ውስጥ የቀረችውን ጎመን ለድንቡሼ ሰጠው፤ እንስሳው እንደ ቀድሞው አልዘለለም፣ አሽትቶ፣ አኝኮ ሆዱን ሲያሻሽ ቆየ። ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያው ኳስ ሲመጣ ድንቡሼ ዘግይቶ ተነሣ፣ ተንከባለለ፣ ገባበት። ሁለተኛው በእግሮቹ መሐል አለፈ። በሦስተኛው ጊዜ ከመረቡ ጋር ተጠላልፎ ቀረ። ከየዓለሙ ዳርቻ ያሉ የጭቃ ምድር ሰዎች የሚያለቅስ ፊት ይልኩ ጀመር። ምን እንደሆነ አላወቁም፤ ከየት ያውቃሉ?

ፍሬሕይወት አንገቷን አስግጋ ታያለች። ፊቷ ላይ ከሳምንታት በኋላ አንድ ነገር ተመለሰ፤ ፈገግታም እንባም ያልሆነ።

«አየኸው?» አለች። «መሳይ እንዲህ ነበር የሚሸነፈው። አሁን ገና የእሱን ድንቡሼ አየሁት።»

አንድ እንባ ብቻ አመለጣት። እሱንም በመዳፏ ቶሎ ጠረገችው፣ ልክ እንደ ጥፋት።

ሴት ልጅ ወለደች፣ በሰላም። ልጅቷ ጠንከር፣ እናትየዋም ከአራስ ቤት ወጣ እስክትል ተጠበቀና ጥቅምት ላይ ዘመድ ከአቦምሳም ከመቂም በለሊት ተጓጉዞ፣ ገና ሳይነጋ የግቢውን በር አንኳኳ። ጋሼ አብተው ከፊት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ከኋላ። ፍሬሕይወት ነጠላዋን ለብሳ ሕፃኗን ታቅፋ ሳሎን ተቀምጣ አገኟት። ማንም አፉን ሳይከፍት ተነሣችና ልጇን ለኢተፋ አቀበለችው። ለምን ለእሱ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ጋሼ አብተው ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ እንግዲህ በርቺ...»

ከዚያ በኋላ ጩኸት ወጣ፤ ኢተፋ ሕፃኗን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ፍሬሕይወት ደረቷን እየመታች፣ ወንድሟን በስሙ እየጠራች፣ እናቷ ላይ ወደቀች። ወይዘሮ ጥሩነሽ አቀፏት፤ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ የዋጡትን ሁሉ አብረው አወጡት። ለቀስተኛው እንባውን ይጠርጋል፣ ድንገት ስለሰማች ነው ይህ ሁሉ ይላል። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ፣ ጳጉሜን፣ መስከረምን ይህን ጩኸት አንጀቷ ውስጥ ይዛ እንደኖረች የሚያውቅ ከኢተፋ በቀር አልነበረም። እሱም አላወራም።

ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ተቀመጠ። ጋሼ አብተው ኢተፋ አጠገብ ዐረፍ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ተባረክ። ምንም ሳትጠረጥር አደረስናት።»

«አዎ ጋሼ።»

ሕፃኗ በእጁ ላይ ተኝታለች። ኪሱ ውስጥ የመሳይ ስልክ ነዘረ። በአንድ እጁ አወጣው፤ ድንቡሼ ቆሞ ይለምናል። ኢተፋ ጥቂት አሰበና ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ ነው። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አለና ለድንቡሼ ጎመን ሰጠው።